ጥድ በዱር እንዴት ይኖራል?

በአዲስ አበባ «ጥድ የቱ ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ሌላ ዛፍ ነው። በየአጥሩ ጥግ ተደርድሮ የሚተከለው፣ እየተከረከመ እንደ ግድግዳ የሚቆመው፣ ለገናም ቅርንጫፉ እየተቆረጠ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው። የእርሱ አገር ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ወደኛ የመጣው በሰው እጅ ነው። የሐበሻ ጥድ፣ በሌላው አጻጻፍ ጽድ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ ወይም ሂንዴሳ፣ በትግርኛ ጽሕዲ የሚባለው፣ ከዚህ የተለየ ፍጥረት ነው። ሁለቱን ለመለየት የዕፀዋት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ፍሬውን ማየት ይበቃል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንጨት የሆነ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩን ያፈስሳል። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን የአተር ያህል፣ ሥጋ ያለው፣ ሲበስል ከሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ በላዩም ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ኋላ እንደምናየው የዛፉ ኑሮ ግማሹ በዚህች ፍሬ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የስም ነገር ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። የኪንግ ጄምስን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ተማሪ ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ያረፈው ከጁኒፐር ሥር መሆኑን ያውቃል። ጁኒፐር ማለት የጥድ ወገን ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ደግሞ ክትክታ ይላል። የዕብራይስጡ ቃል ሮቴም ሲሆን የሚያመለክተው ሁለቱንም ሳይሆን በዚያ በረሃ የሚበቅለውን፣ ቅጠሉ የሳሳ፣ ቀንበጡ እንደ መጥረጊያ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ተርጓሚዎቹ እያንዳንዳቸው በአገራቸው ድርቅ የሚችለውን ዕፅ የመረጡ ይመስላል። የእንግሊዙ ሰው ጥድን መምረጡ አያስነቅፈውም። ክትክታን ግን አንባቢ እንዳይረሳት እንለምናለን፤ በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ እንደገና እናገኛታለን። (ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የጥድ ወገን ሰፊ ነው። ሊቃውንት በቁጥሩ ባይስማሙም ከ50 እስከ 70 የሚደርሱ ዓይነቶች እንዳሉት ይናገራሉ፤ ከነርሱም የሚበዙት ቁጥቋጦ ወይም አጭር ዛፍ ናቸው። የኛው ጥድ በ1847 ዓመተ ምሕረት ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ የሚል የሳይንስ ስም ተሰጠው፤ «ፕሮሴራ» በላቲን ረዥም ማለት ነው። ስሙ ይገባዋል፤ ጥሩ አፈርና በቂ ዝናብ ካገኘ እስከ 40 ሜትር ይረዝማል። ከወገኖቹም ሁሉ የምድርን ወገብ ተሻግሮ በተፈጥሮው ወደ ደቡብ የወረደ እርሱ ብቻ ነው፤ በኬንያ፣ በታንዛንያና በማላዊ ተራሮች አድርጎ እስከ ዚምባብዌ ደርሷል። በሰሜን በኩል ደግሞ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ በዓሲር ተራሮች ላይ ይገኛል።

ከወንድሞቹ መካከል በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ተራ ጁኒፐር የሚባለው ቁጥቋጦ መታወቅ የሚገባው ነው። መርፌ ቅጠልና ቅርፊት ቅጠል ካላቸው ከነጥድና ፓይን ዘመዶች ሁሉ በምድር ላይ የሰፋ ግዛት ያለው ይህ ነው። በቆላማው ሥፍራ ሰው የሚያህል ወይም ከሰው የሚበልጥ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ትንሽ ዛፍ ይወጣዋል። ወደ ተራራው ራስ፣ ሌላ ዛፍ መቆም ወደማይችልበት፣ ሲወጣ ግን ከመሬት ጋር ተጣብቆ ይተኛል፤ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። ይህ ውርደት ሳይሆን ብልሃት ነው። በክረምት በረዶው ይሸፍነዋል፤ በረዶው ለእርሱ እንደ ጋቢ ነው፤ ከላይ የሚያፏጨው ነፋስና ውርጭ ሳይነካው ይከርማል። ከበረዶው በላይ ራሱን ያወጣ ቅርንጫፍ ይደርቃል። እንዲህ አድርገው በሰሜን አውሮፓ ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ ቁጥቋጦዎች ቀለበታቸው ተቆጥሮ ታውቀዋል። የኛም ጥድ ረዥም ነው ብንልም በደረቅ ገደል ላይና አፈር በሌለበት አለት ላይ ሲያድግ ጎብጦና ተጨምድዶ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ዛፍና ቁጥቋጦ መሆን በዚህ ወገን ዘንድ እንደ ቦታው የሚለዋወጥ አኗኗር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሌላው ዕፅ የሚሞትበትን ድርቅ ጥድ እንዴት ይችለዋል?

በመጀመሪያ ቅጠሉን እንመልከት። ችግኝ ሳለ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ የነካው ሰው ያውቀዋል። ሲያድግ ግን ቅጠሉ እያነሰ ሄዶ ቀንበጡን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የሚያለብስ ይሆናል። ለፀሐይና ለነፋስ የሚጋለጠው ገጽ በጣም ጥቂት ነው፤ ላዩም በሰም የተለበጠ ነው። ይህን በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረነዋል፤ ብዙ መጻሕፍትም ከዚህ አያልፉም። ዋናው ነገር ግን ያለው ከእንጨቱ ውስጥ ነው።

ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው ከታች ተገፍቶ ሳይሆን ከላይ ተስቦ ነው። ቅጠሉ በቀዳዳዎቹ በኩል ውሃ በተነፈሰ ቁጥር በእንጨቱ ውስጥ ያለው የውሃ ክር ወደ ላይ ይሳባል። አፈሩ እየደረቀ በሄደ ቁጥር ክሩ እየተወጠረ ይሄዳል፤ ውጥረቱ ከልክ ሲያልፍ አየር ሾልኮ ይገባና ክሩ ይበጠሳል። የተበጠሰው ቦይ ከዚያ በኋላ ውሃ አያሳልፍም። ብዙ ቦዮች ከተበጠሱ ቅርንጫፉ፣ በመጨረሻም ዛፉ ይደርቃል። የጥድ ወገን የውሃ ቦዮች በጣም ቀጫጭን፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትም ማለፊያዎች አየርን የሚከለክሉ ናቸው። ስለዚህ የሌላው ዛፍ ክር በሚበጠስበት ውጥረት የጥዱ ክር ይዞ ይቆያል። እስከ ዛሬ ከተመረመሩት ዛፎች መካከል ይህን ውጥረት በመቻል ከፊተኞቹ ረድፍ የሚቆሙት የጥድ ወገኖች ናቸው።

ይህ ምን ጥቅም እንዳለው በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የደረሰው ነገር በሚገባ ያሳያል። በዚያ አገር ደረቅ ኮረብታዎች ላይ ፒኞን የሚባል አጭር የፓይን ዓይነትና ጥድ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ፒኞን ድርቅ ሲመጣ ፈጥኖ የቅጠሉን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ውሃውን ይቆጥባል። ነገር ግን ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ለምግብ መሥሪያ የሚሆነው አየር የሚገባበትም ቀዳዳ ነው። በሩን የዘጋ ነጋዴ ዕቃው አይሰረቅበትም፤ ገበያም የለውም። ፒኞንም እንዲሁ ጎተራውን እየበላ ዝናቡን ይጠብቃል። ጥድ ግን ክሩ የማይበጠስ ስለሆነ ቀዳዳውን ጨርሶ ሳይዘጋ፣ በደረቅ አፈር ውስጥ እንኳ ጥቂት ጥቂት እየሠራ ይቀጥላል። ድርቁ አጭር ከሆነ የፒኞን ዘዴ ጥሩ ነው። በ2002 ዓመተ ምሕረት የደረሰው ድርቅ ግን ብርቱና ሙቀት የተጨመረበት ነበረ፤ ፒኞኖቹ ተዳክመው ሙጫቸው ስላነሰ ቅርፊት የሚበሳው ጥንዚዛ ወረራቸው። በሰሜን ኒው ሜክሲኮ በአንድ የጥናት ሥፍራ ከፒኞኖቹ ከመቶ ከ90 በላይ ሞቱ። ጎረቤቶቻቸው ጥዶች ግን አብዛኞቹ ተረፉ። ስለዚህ «ጥድ ድርቅን የሚችለው ውሃ በመቆጠብ ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግማሹን ብቻ ይዟል፤ ሌላው ግማሽ በችግር ጊዜም ሥራ ያለማቆሙ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ዋጋ አለ። ቀጭን ቦይ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል፤ ወፍራም ግድግዳም ብዙ እንጨት ይፈጃል። ስለዚህ ጥድ በዝግታ ያድጋል። ባሕር ዛፍ ከተተከለ በጥቂት ዓመት ማገርና ወራጅ ሲሆን ጥድ ገና ልጅ ነው። ይባስ ብሎ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ወይራም ያቆጠቁጣል፤ ጥድ ግን አያቆጠቁጥም። የተቆረጠ ጥድ የሞተ ጥድ ነው። ወይራና ጥድ በአንድነት በነበሩበት ብዙ ደን ዛሬ ወይራው ቀርቶ ጥዱ የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን መገመት አያስቸግርም።

ሌላው ብልሃቱ ደግሞ ከፊሉን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። በአለት ላይ የሚኖሩ ያረጁ ጥዶችን ያየ ሰው ከግንዱ አንዱ ወገን ተልጦና ነጥቶ ሲታይ በሌላው ወገን አንድ ቀጭን የቅርፊት መቀነት ብቻ ወደ ላይ ወጥቶ አንድ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ሲመግብ ያያል። አንዱ ሥር ሲደርቅ ያ ሥር ይመግበው የነበረው የግንድ ክፍልና ቅርንጫፍ አብሮ ይሞታል፤ የተረፈው ሥር የራሱን ወገን ብቻ ይዞ ይቀጥላል። በምዕራብ አሜሪካ በዚህ ዓይነት ሦስት እጁ ሞቶ አንድ እጁ እየኖረ ብዙ መቶ ዓመት የቆየ ጥድ ብርቅ አይደለም።

ስለ እንጨቱ ሽታ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ያ ሽታ መሣሪያ ነው። በልቡ ውስጥ ያለው ዘይት ምስጥን ያርቃል፣ ብስባሴን ያዘገያል፤ አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ለአጥር ጥድን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ከኬንያ ደኖች የተቆረጠው ጥድ እየተሰነጠቀ እርሳስ ይሠራበት ነበር። የተራው ጁኒፐር ፍሬ ደግሞ ጂን ለሚባለው መጠጥ ሽታውንም ስሙንም ሰጥቶታል፤ ይህን የምንናገረው ለዕውቀት ያህል ነው። መሣሪያው ግን ሁሉን አያሸንፍም። የጥድን ልብ እየቦረቦረ የሚያበሰብስ እንጉዳይ አለ፤ በጥድ ላይ የምትኖር፣ ስሟንም ከእርሱ የወሰደች፣ በጣም ትንሽ ተቀጽላም አለች። እነዚህ ጥድን ያደክሙታል እንጂ ደኑን አያጠፉትም።

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ ስላደገው ጥድ ነው። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው «እንዲህ ከሆነስ ለጥድ አያሰጋውም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያደገው ጥድ ጠንካራ የመሆኑን ያህል ልጁ ደካማ ነው፤ ዘሩም ከልጁ ይብሳል።

ጥድ ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ነው። የወንዴው ዱቄት በነፋስ ተጉዞ ሴቴዋን ማግኘት አለበት። ደን ሳይሳሳ ይህ ቀላል ነው፤ በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዛፎች ብቻ ሲቀሩ ግን ሁሉም ሴቴ፣ ወይም ሁሉም ወንዴ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ዛፎቹ ገና መቶ ዓመት ሊቆሙ ቢችሉም ዘር የላቸውም። ተዳቅሎ ፍሬ ከተያዘም በኋላ ብዙው ዘር ሲሰነጠቅ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ብዙ ዘርተው ጥቂት የሚበቅልላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ቀደም ሲል ያልናት ያቺ ሥጋ ያላት ፍሬ ለወፍ የተሰናዳች ናት። ወፏ ሥጋውን ትበላለች፤ ዘሩን ወስዳ በሌላ ዛፍ ሥር፣ በአለት ስንጥቅ፣ በአጥር ጥግ ትጥለዋለች። ወፍ የምታርፍበት ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ላይ የጥድ ዘር ብዙ አይደርስም።

ከዚያ ወዲያ የብርሃን ነገር ይመጣል። ጥድ ብርሃን ወዳድ ነው። በእናቱ ጥላ ሥር፣ ደኑ ጥቅጥቅ ባለበት፣ ልጁ አያድግም፤ እርጥበት በበዛበት ሥፍራ ዝግባና ሌሎች ጥላ የሚችሉ ዛፎች ከሥሩ እየበቀሉ ቦታውን ይወርሳሉ። ጥድ አዲስ ትውልድ የሚያወጣው ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ዛፍ ሲወድቅ፣ መሬት ሲንሸራተት፣ ወይም እሳት ሲያልፍ። እሳት እዚህ ላይ አስገራሚ ሥራ ይሠራል። የጥድ ቅርፊት ቀጭንና እንደ ቃጫ የሚላጥ ስለሆነ እሳት ያጠፋዋል፤ ነገር ግን እሳቱ በጠረገው ቦታ ላይ ከዳር የቀሩት ዛፎች ዘር ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ያበቅላል። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ ሁሉም የአንድ ዘመን እኩያ የሚመስሉ የጥድ ደኖች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ በጥድ ሕይወት ውስጥ ረዥም ዝምታና አልፎ አልፎ የሚመጣ አጭር ዕድል አለ። ያ ዕድል ሲመጣ ከብት በቦታው ካለ ዕድሉ ያመልጣል።

በደረቅ አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ጥላው ሳይሆን ፀሐዩ ይገድለዋል። ገና የጣት ርዝመት ያላት ችግኝ እንደ እናቷ ቀጫጭን ቦይ ቢኖራትም ሥሯ ከላይኛው አፈር አላለፈም፤ የመጀመሪያው በጋ የሚፈርድባት በዚህ ነው። ስለዚህ በሕይወት የምትቀረው ብዙ ጊዜ ከቁጥቋጦ ሥር የወደቀችው ናት። ቁጥቋጦው እንደ ሞግዚት ነው፤ የቀትሩን ፀሐይ ይከልልላታል፣ እርጥበት ይይዝላታል፣ እሾህ ካለው ፍየሏን ይመልስላታል። በትግራይ በወይራ ችግኝ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። በስፔን ተራሮች ደግሞ ሞግዚቱ ራሱ በመሬት ላይ የሚተኛው የጥድ ቁጥቋጦ ነው፤ የፓይን ልጆች በእርሱ ጉያ ያድጋሉ። እኛ ግን ለችግኝ ተከላ ዘመቻ በወጣን ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያ የምናደርገው ምንድር ነው? ቁጥቋጦውን መመንጠር ነው። መሬቱ ጠርቶ ሲታይ ሥራ የተሠራ ይመስለናል። ከ2019 ወዲህ በአገራችን በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝ ብዛቱ እየተቆጠረ ይነገራል፤ ቁጥሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥድ የሚጠይቀው የተተከለበትን ቀን ሳይሆን የሚቀጥለውን የካቲትና መጋቢት ነው።

ልጅ የሌለው የጥድ ደን በብዙ አገር ይታያል። በደቡብ እንግሊዝ የተራው ጁኒፐር ቁጥቋጦዎች በብዙ ቦታ ሽማግሌ ብቻ ሆነው ቀርተዋል፤ በግና ጥንቸል ችግኙን ይጨርሰዋል። በ1953 ዓመተ ምሕረት ለጥንቸል ብቻ የሚደርስ በሽታ ገብቶ ጥንቸሉን በፈጀው ጊዜ በአንዳንዱ ኮረብታ ላይ የጥድ ልጆች ብቅ አሉ፤ ይኸውም ዘሩ ሳይሆን ጥርሱ መሆኑን አስመሰከረ። በዑማን፣ ጀበል አኽደር በሚባለው ተራራ፣ በዝቅተኛው ወገን ያሉት ጥዶች እየደረቁ ሲሄዱ የሚተኳቸው ልጆች አይታዩም። በጎረቤታችን በጅቡቲ፣ ደን ብርቅ በሆነበት አገር፣ የዳይ ደን የሚባለው የኛው ጥድ ደን አብዛኛው ደርቆ ቆሟል። ከጅቡቲ በቀር በየትም የማትገኝ አንዲት የቆቅ ዓይነት ኑሮዋ በዚያ ደን ላይ ስለሆነ ከደኑ ጋር አብራ ልትጠፋ ተቃርባለች። በኛም አገር ከትግራይ ወደ አፋር በሚወርደው ገደል ላይ ባለው በደስአ ደን ብዙ ጥድና ወይራ ከነቁመቱ ደርቆ ይታያል፤ ሞቱም የሚበረታው ሙቀቱ በሚጸናበት በታችኛው ወገን ነው። ይህ የመጨረሻው የሚያሳስበን ከሁሉ ይልቅ ነው። ሽማግሌው ጥድ ድርቅ የሚችል መሆኑን ከላይ ተናግረናል፤ እርሱ ከነቁመቱ ሲደርቅ ካየን የችሎታው ወሰን ላይ ደርሷል ማለት ነው። ወደ ላይ ሸሽቶ በቀዝቃዛው ወገን እንዳይተካ ደግሞ ልጅ ያስፈልገዋል፤ ልጁን ከብቱ ይበላዋል፣ ይረግጠዋል።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጥድ በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከሩቅ ሲታይ በተራቆተ እርሻ መካከል አንድ ጥቁር ክብ ይመስላል። ይህን ያቆዩት አባቶች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከብዙዎቹ ደብሮች ጥዶች ሥር ጎንበስ ብሎ የፈለገ ሰው ልጅ አያገኝም። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ ባደረጉት፣ በ2009 ዓመተ ምሕረት በታተመው ጥናት የጥድ፣ የወይራና የሌሎች ዛፎችን ዘርና ችግኝ በታጠረና ባልታጠረ ቦታ አስተያይተዋል፤ አጥሩ ከብትን በመከልከሉ ብቻ ለችግኞቹ መትረፍ ትልቅ ልዩነት አምጥቷል። ከዚያ ወዲህ በአንዳንዶቹ ደብሮች ዙሪያ ገበሬው ከእርሻው የለቀመው ድንጋይ ተክቦ ካብ ሆኗል። ይህ ነገር ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ከእርሻው መልቀቁ ለገበሬው ጥቅም ነው፣ ካቡ ለደብሩ ክብር ነው፣ የጥዱም ልጅ በመካከሉ ያድጋል። ከውጭ አገር የሚገዛ ዕቃ የለበትም።

በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ትንሽ ሥራ ብንሠራ ለዚህ መጽሔት የሚቀጥለው እትም ይጠቅማል። ወደ ደብራችን ጥድ ቀና ብለን ከማድነቃችን በፊት ጎንበስ እንበል። ከጉልበት በታች የሆኑት ስንት ናቸው? ከጉልበት እስከ ራሳችን ቁመት የሚደርሱትስ? ከዚያ በላይ ሆነው ግን ገና ፍሬ ያልያዙትስ? የመጀመሪያው ረድፍ ብዙ ሆኖ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ዘሩ ደህና ነው፣ ችግሩ በጋ ወይም ከብት ነው። የመጀመሪያውም ባዶ ከሆነ ሴቴ ዛፍ መኖሯን፣ ወፍም የምታርፍበት ቁጥቋጦ መኖሩን እንይ። አጥር ካለ በአጥሩ ውስጥና በውጭ ያለውን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ለጠፋ ነገር ማልቀስ እንዳይመስል የወሎን ሐይቆች ታሪክ እንጨምር። ከዕፀዋት የሚወጣው የአበባ ዱቄት በሐይቅ ላይ ወድቆ በጭቃው ውስጥ በንጣፍ በንጣፍ ይቀበራል፤ ጭቃውን በቧንቧ ወግተው በማውጣት የየዘመኑን ዕፅ ማንበብ ይቻላል። በሐይቅና በሌላ ሐይቅ ላይ የተደረገው ምርመራ ውጤት በ2003 ዓመተ ምሕረት ታትሟል። በዚያ መሠረት በዙሪያው የነበረው የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመነጠረ፤ በቦታውም ሣርና ቁጥቋጦ ገባ። ከቁጥቋጦዎቹም ዋነኛዋ ክትክታ ነበረች። ይህ ሁኔታ ወደ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ይህን ያህል ዘመን ክትክታ ባየለበት አገር ጥድ ጨርሶ ተረሳ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ የጥድ ዱቄት በጭቃው ውስጥ እንደገና በዛ፤ ወይራና ቀውት አብረውት መጡ። ምክንያቱ የዝናብ መጨመር ወይም የሰው ቁጥር መቀነስ ሊሆን እንደሚችል አጥኚዎቹ ገምተዋል። (በትውፊት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ጥድ አስተከሉ የሚባለውም በዚሁ ዘመን ነው፤ ሁለቱን ነገር ማያያዝ ግን አይገባንም፤ መናገሻ ከሐይቅ ሩቅ ነው።)

ያ የወሎ ጥድ ከየት መጣ? በ1,800 ዓመት ውስጥ የጥድ ዘር ከአፈር ተደብቆ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ በአንድ ገደል ላይ፣ ምሳር በማይደርስበት አለት ላይ፣ ጥቂት ወንዴና ጥቂት ሴቴ ጎብጠው ቁጥቋጦ ሆነው ኖረዋል ማለት ነው፤ ወፎችም ዘራቸውን እያመላለሱ በክትክታው ሥር ጥለዋል። በሐይቅ ዙሪያ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ምንጣሮውና የአፈሩ መታጠብ እንደገና በርትቷል፤ በጭቃው የላይኛው ንጣፍ የሚነበበውም ይኸው ነው።